የለጋሾችን መዝገብ በኮምፒዩተር ስለ መያዝ

ነጋዴ የአንዱን ባለዕዳ ሒሳብ በሁለት ስም ቢይዝ እንደሚሳሳት ሁሉ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅትም የለጋሹን ስም በልዩ ልዩ ፊደል ቢመዘግብ ይጎዳል። «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ»ና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ የመዝገቡ ሶፍትዌር ግን አስቀድሞ ካልተዘጋጀ በቀር ሦስት ሰው አድርጎ ይቈጥራቸዋል። ሦስት ጊዜ የለገሰ ነጋዴም የጠቅላላ ስጦታውን ማስረጃ ሲጠይቅ ድምሩ ጐድሎ ያገኘዋል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ለጋሽ አንድ መለያ ቍጥር ይሰጥ፤ አዲስ ስም ከመመዝገቡ በፊትም በስልክ ቍጥሩ ይፈለግ። ጥሬ ገንዘብና በዓይነት የተሰጠ ዕቃ ለየብቻ ይጻፍ። የኢትዮጵያና የአውሮፓ ዘመን አቈጣጠር ቢደባለቅ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስለሚያስከትል፣ ቀኑ በአንዱ ብቻ ይያዝ። ለጋሹም በበኩሉ መለያ ቍጥሩ በደረሰኙ ላይ መጻፉን ይመልከት።