የዝናብ መጥረጊያው ወዴት ሄደ?

ዝናብ በድንገት ሲወርድ የሾፌር ሥራ ቀድሞ ቀላል ነበር፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ እጁን ሰድዶ መጥረጊያውን ማስነሣት። እጅ ቦታውን ያውቀዋልና ዓይን አያስፈልገውም። ዛሬ ግን ብዙ ፋብሪካዎች ቁልፉን ሁሉ እየነቀሉ በአንድ ስክሪን ውስጥ ከተውታል። ይህንንም ሥልጣኔ ይሉታል። እኛ ግን ከሾፌሩ ይልቅ ለፋብሪካው የሚበጅ ሥልጣኔ ነው እንላለን፤ አንድ ስክሪን መግጠም ብዙ ቁልፍ ከነሽቦው ከመትከል ይረክሳልና።

በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ሰው የቴስላ መኪና ይዞ በኃይለኛ ዝናብ ሲሄድ የመጥረጊያውን ፍጥነት ለመለወጥ ስክሪኑን ይነካካል። በዚህ መካከል መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ከዛፎች ጋር ተጋጨ። የካርልስሩኸ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2020 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስክሪኑ ለምንም ተግባር ይዋል፣ እንደ ስልክ ያለ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው ብሎ የ200 ዩሮ መቀጮና የአንድ ወር የመንዳት እገዳ አጸናበት። ሰውየው የፈለገው ግን መጥረጊያውን እንጂ ወሬ አልነበረም! መጥረጊያውን እዚያ የደበቀው ማን ሆነና ነው መቀጮው በሾፌሩ ላይ የወደቀው?

«ልምድ ቢኖረው ኖሮ» የሚል አይጠፋም። «ቪ ቢላጋሬ» የተባለው የስዊድን የመኪና መጽሔት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ መረመረ። ሾፌሮቹ መኪናዎቹን አስቀድመው እንዲለማመዱ ከተደረገ በኋላ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዱ ሬዲዮ መክፈትን፣ ሙቀት መጨመርን የመሰሉ አራት ተግባሮች ታዘዙ። ቁልፎች ያሉት የ2005 ቮልቮ በ10 ሴኮንድ፣ 306 ሜትር ሄዶ ጨረሰ። ከሁሉ የዘገየው ባለስክሪን መኪና 44.9 ሴኮንድ ፈጀ፤ 1372 ሜትር ማለት ነው። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሐሳቡ ከመንገዱ የተከፈለ ሾፌር ፊት ለፊት ቢመጣብን ምን እናደርጋለን?

የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት መርማሪ ድርጅት፣ ዩሮ ኤንካፕ፣ ከ2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፍሬቻ፣ የአደጋ መብራት፣ ጡሩምባ፣ የዝናብ መጥረጊያና የእርዳታ መጥሪያ በእጅ የሚዳሰስ ቁልፍ ወይም ማንሻ ለሌለው መኪና ነጥብ መንፈግ ጀምሯል።

ለእኛም አገር ነገሩ ሩቅ አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ከእነዚህም ለቻይና ገበያ የተሠሩት የስክሪናቸው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው። ባለቤቱ ሥዕሉን በቃሉ ያጠናል፤ ፋብሪካው ከሩቅ ፕሮግራሙን ያደሰ ዕለት ሥዕሉ ቦታ ይለውጥና ጥናቱ እንደ ገና ይጀመራል። ገዥ የሆነ ሁሉ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት በሾፌሩ ወንበር ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መጥረጊያውንና የአደጋ መብራቱን በእጁ ይፈልግ።