ከሚሴ ፖሊስ መቅጠር ትችላለችን?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከእራት በኋላ ስንጨዋወት ከጓደኞቻችን አንዱ፥ «ከሚሴን የመሰለች ከተማ ፖሊሷን ራሷ ለምን አትቀጥርም? በሌላ አገር እኮ የሚደረግ ነው» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር፤ ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ድረስ ግን በቅጡ የመለሰለት አልተገኘም።

በሌላ አገር መደረጉስ እውነት ነው። በካሊፎርኒያ የምትገኘው ሌክውድ እ.ኤ.አ. በ1954 ራሷን የቻለች ከተማ ስትሆን፥ የራሷን ፖሊስ ማቋቋሙን ትታ ከሎስ አንጀለስ አውራጃ ሸሪፍ ጋር ውል ገባች። እርሷ ትከፍላለች፤ ሸሪፉ ፖሊሶቹን ይልክላታል። ሌሎች ትንንሽ ከተሞችም ፈለጓን ተከትለዋል።

የእኛ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 የክልል ፖሊስ የማደራጀትንና የመምራትን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። ስለዚህ ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ ብትሆንም በጎዳናዋ የሚቆመው የአማራ ክልል ፖሊስ ነው። ታዲያ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚመርጠው ምን ቀረለት? ትሉ ይሆናል። ያልተሸፈነው ቀዳዳ ሁሉ ቀርቶለታል።

ፖሊሱ በማይደርስበት ሰዓትና ሰፈር ማን ይጠብቅ? ደንብ አስከባሪ ቢቀጠር ደመወዙ ከከተማው ገቢ ይወጣል፤ ሥራውም የጎዳና ንግድንና ሕገ ወጥ ግንባታን መቆጣጠር እንጂ ወንጀል መመርመር አይደለም። ሚሊሻው ከነዋሪው መካከል የሚወጣ በመሆኑ ጓዳ ጎድጓዳውን ያውቃል፥ ወጪውም ትንሽ ነው። ነገር ግን እርሻውን ወይም ሱቁን ትቶ ዘብ የሚቆም ሰው እስከ መቼ በነጻ ይቆማል? በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የገጠሩን ጸጥታ ይጠብቅ የነበረውን ነጭ ለባሽ ያስታውሰናል። ነዋሪው አዋጥቶ የሚቀጥረው የሌሊት ዘበኛም ቢሆን የሚጠብቀው ያዋጣውን ሰፈር ነው፤ ማዋጣት ያልቻለው መንደር በጨለማው ይቀራል። የወሎ አበጋሮች ባላንጣ ያስታርቃሉ፥ ደም ያደርቃሉ፤ ሌሊት ግን ዘብ አይቆሙም።

እንግዲህ የሒሳብ ሹሙ የሚያየው ደመወዙን፥ የደንብ ልብሱንና ሥልጠናውን ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚከብደው፥ ጠባቂው ቢያጠፋ ለማን ይከሰሳል? የሚለው ነው። ፖሊስን የሚቀጣ አለቃ አለው፤ ሰፈሩ ያስታጠቀውን ሰው ግን ማን ይቀጣዋል? ቋንቋውም አለ። የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን የክልሉ አማርኛ ነው። ሌሊት የተዘረፈች እናት በአፋን ኦሮሞ ስትናገር ቃሏን የሚመዘግበው ሰው ባይሰማት፥ ጣቢያው በሯ ላይ ቢሠራስ ምን ይጠቅማታል? የዶርሚታሪያችንን ዘበኛ የምናምነው በካፖርቱ አይደለም፤ ስማችንን ስለሚያውቅ ነው። (ዘግይተን ስንገባ እንኳ ተቆጥቶ ይከፍትልናል።)

ይህ የወረቀት ክርክር እንዳይመስላችሁ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በልዩ ዞኑና በጎረቤቱ ሰሜን ሸዋ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሞተ፥ አጣዬ ተቃጠለች፥ የአካባቢው ጸጥታም በኮማንድ ፖስት ሥር ገባ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የክልሎች ልዩ ኃይሎች ፈርሰው ወደ ሌሎች የጸጥታ ክፍሎች እንዲገቡ ተወሰነ። እንዲህ ባለው ጊዜ ማዘጋጃ ቤት የቀጠራቸው ዘበኞች ከተማ ያድናሉ የሚል ሞኝ የለም። ነገር ግን አደጋውን አስቀድሞ የሚሰማው፥ ሹክ የሚባልለት፥ ሁለቱም ወገን በሩን የሚያንኳኳው ጠባቂ የትኛው ነው?

ያ ጓደኛችን ረቂቄን አንብቦ፥ «እንግዲያው መቅጠር አትችልም ማለትህ ነው» አለኝ። አዎን፥ አትችልም። ግን በከሚሴ የሚመደቡት ፖሊሶች አፋን ኦሮሞንም አማርኛንም እንዲያውቁ ክልሉን ልትጠይቅ፥ የጣቢያውን አዛዥም በየጊዜው በምክር ቤቷ ፊት አቁማ ልታነጋግር ትችላለች። ለዚህ በጀት አያስፈልግም። ለሌሊት ጥበቃው የሚሆን ገንዘብ ከተገኘም፥ እኔን ቢጠይቁኝ ማዋጣት ካልቻለው መንደር ይጀመር እላለሁ።