ሚያዝያ 27፣ ሁለት ጊዜ የመጣ ቀን

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ማለዳ አራት ኪሎ በፉከራ ይነቃል። የአንበሳ ጎፈር የደፉ፣ ካባ የደረቡ፣ ደረታቸውን ሜዳይ የሸፈነው አርበኞችና የአርበኛ ልጆች በድል ሐውልቱ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ የከረመው ጋሻና ጦር ከግድግዳ ይወርዳል። ሽለላው ይቀልጣል፣ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ ንግግር ይደረጋል። አደባባዩም በቀኑ ስም ይጠራል፤ ሚያዝያ 27 አደባባይ። ይህ ቀን ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባው የኢትዮጵያ ሆኖ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. የመጣው የጠላት ድል ሆኖ ነው። የእኛ የሆነው ልክ በአምስተኛው ዓመት ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት በሽንፈት ሲያበቃ ወደ ዋና ከተማዋ የሚወስደው መንገድ ተከፈተ። የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ከደሴ ሲነሣ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ነበር፤ ጣሊያኖች ይህንን ጉዞ «የብረት ፈቃድ ጉዞ» የሚል ስም አወጡለት። ብረቱን የፈተነው ዝናቡና ጭቃው ነው። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለጠበቀው ሠራዊቱ ቆሞ አፈርና ድንጋይ ሲያግዝ ዋለ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ጌታ አልነበራትም። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደዋል፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ፍልስጥኤም ተሻግረው ኢየሩሳሌም ገቡ። ከተማዋ ለሦስት ቀን ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። የውጭ አገር ሰዎች በየሌጋሲዮናቸው ተጠለሉ፤ ነዋሪው በሩን ዘግቶ የሚመጣውን ጠበቀ።

ሚያዝያ 27 ከቀትር በኋላ፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ የጣሊያን ጦር ገባ። በዚያው ምሽት ሙሶሊኒ ሮም ላይ ከፓላዞ ቬኔዚያ ሰገነት ወጥቶ ጦርነቱ ማለቁን አወጀ። አራት ቀን ቆይቶ፣ ግንቦት 1፣ የጣሊያን ንጉሥ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» መባሉን ለተሰበሰበው ሕዝብ አበሠረ።

ጦርነቱ ግን አላለቀም። ሦስት ወር እንኳን ሳይሞላ አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው አጠቁ። በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረውሩ በከተማዋ የተከተለው የሦስት ቀን ጭፍጨፋ ነው። በግንቦት ደግሞ ተራው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ በደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ ጫካውን ቤታቸው አድርገው ነበር። ሸዋረገድ ገድሌን የመሰሉ ሴቶችም ነበሩ፤ መረጃ ያቀብሉ፣ ጥይት ያሻግሩ፣ ሲያስፈልግም መሣሪያ ያነሡ ነበር። በሁለቱ ሚያዝያ 27 መካከል ያለው ታሪክ ይህ ነው። የበዓሉ ክብርም የሚመነጨው ከሁለቱ ቀኖች ሳይሆን በመካከላቸው ካለው አምስት ዓመት ነው።

ጣሊያን በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ከጀርመን ወግና ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የኢትዮጵያ ጉዳይ የእንግሊዝም ጉዳይ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ወደ ሱዳን መጡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ከዚያ ወዲያ በጎጃም በኩል፣ ከአርበኞችና የእንግሊዙ መኮንን ኦርድ ዊንጌት ከሚመራው «ጌድዮን» ከተባለው ትንሽ ጦር ጋር ወደ መሐል አገር ገሰገሱ። የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ደግሞ ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያና በሐረር በኩል በሚያስገርም ፍጥነት ወደ አዲስ አበባ ይገፋ ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ የተደረበ ቀን አለ፤ የኋለኛው ሙግት መነሻም እርሱ ነው። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያኑ ዕለት በካኒንግሃም የሚታዘዘው ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ከተማዋ ከጣሊያን እጅ ወጣች፤ የአገሩ ንጉሥ ግን አልገቡባትም።

ለምን? እንግሊዞች የሰጡት ምክንያት በከተማዋ የነበረው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጣሊያን ሲቪል ነው። ንጉሡና አርበኞቻቸው ቢገቡ የበቀል ደም ይፈሳል ብለው ሰጉ። ከአምስት ዓመት ግፍ በኋላ ሥጋቱ ከባዶ ተነሣ ማለት አይቻልም። ሆኖም ወደ ገዛ መዲናው ለመግባት የሌላ አገር ጄኔራል ፈቃድ መጠበቅ ለአንድ ሉዓላዊ መሪ ምን ያህል እንደሚመር መገመት አያዳግትም። ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ማርቆስ ለሳምንታት ተቀመጡ። ከተነሡ በኋላ የገቡበት ቀን ደግሞ ባዶሊዮ የገባበት ቀን ሆነ፤ ይህንን አጋጣሚ ብሎ ማለፍ ይከብዳል። የአምስት ዓመቱን ስድብ በዚያው በተሰደቡበት ቀን መመለስ እንደ መልስ ነበር፤ ሕዝቡም መልሱን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ወረዱ። ዊንጌት በፈረስ ከሰልፉ ፊት ነበር። ራስ አበበ አረጋይም በአምስት ዓመት ዱር ጎፈሬያቸው የረዘመ አርበኞቻቸውን አስከትለው ጌታቸውን ተቀበሉ። ካኒንግሃም በቤተ መንግሥት ጠበቃቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ዕለት ያደረጉት ንግግር ዋና ሐሳብ ክፉን በክፉ አትመልሱ፣ ጠላት የፈጸመውን ግፍ አትድገሙት የሚል ነበር። በቀሉን ለመግታት እንግሊዝ የአንድ ወር ጥበቃ ጠየቀች፤ ንጉሡ አንድ ንግግር በቃቸው። የተሰጋው እልቂትም በጣሊያን ሲቪሎች ላይ አልደረሰም። የዚያን ቀን ትልቁ ድል ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ዘመድ የታረደበት፣ ቤት የተቃጠለበት ሕዝብ መሣሪያውን ታጥቆ ቆሞ፣ እጁን ሰብስቧል።

ያን ዕለትም ቢሆን ጦርነቱ አላለቀም ነበር። የጣሊያኑ መስፍን ዳኦስታ አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠው በግንቦት ነው፤ የመጨረሻው ምሽግ ጎንደር የወደቀው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ነጻነቱም ሙሉ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 3 ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የእንግሊዝ ሹማምንት ተቃወሙ፤ ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ሙሉ ሥልጣን የለዎትም እስከ ማለት ደረሱ። በጥር 1934 እና በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. የተፈረሙት ሁለት ስምምነቶች ያንን ቀንበር ደረጃ በደረጃ ያላሉ ናቸው። ከሚያዝያ 27 በኋላ ስላለው ትግል በበዓሉ ዕለት ብዙም አይነገርም፤ መነገር ይገባዋል።

የማይነገር ሌላም አለ። ከድሉ በኋላ አገሩ አርበኛ፣ ስደተኛና ባንዳ በሚሉ ሦስት ስሞች ተከፈለ፤ በሹመቱ ማዕድ ላይ አርበኛው ሁልጊዜ የፊተኛውን ወንበር አላገኘም። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፣ ጎጃም ውስጥ ለጣሊያን ያልተንበረከኩት፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጡ። ከነጻነት አራት ዓመት እንኳን አልሞላም ነበር። የድል በዓሉ የንጉሡ መመለሻ ብቻ ሆኖ ሲከበር ይህ ቁስል ከሽለላው በታች ይቀራል።

ለደርግ በቀኑ ላይ የተጣበቀው የንጉሡ ስም እሾህ ነበር። ዘውዱ ከወረደ በኋላ የድሉ በዓል ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ። ሙግቱ ቀላል ነው፤ አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ያን ዕለት እንጂ ንጉሡ ሲገቡ አይደለም። በቀን ቆጠራ ስሕተት የለበትም። ሆኖም መጋቢት 28 አዲስ አበባ የገባው በእንግሊዝ መኮንኖች የሚታዘዝ የደቡብ አፍሪካና የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ነው። ንጉሡን ከበዓሉ ለማውጣት ሲባል የድሉ ባለቤትነት ለእንግሊዝ ጦር የተጠጋ ቀን ተመረጠ፤ አርበኛው በሁለቱም በኩል ጠርዝ ላይ ቀረ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሶ «የአርበኞች ቀን» በሚለው ስም ጸንቷል። ስሙ ከቀኑ ይበልጣል፤ ተገቢውም እርሱ ነው።

የቀን መቁጠሪያ ነገር ከተነሣ ሌላም ግጥምጥሞሽ አለ። ሚያዝያ 27 በአውሮፓውያን ሜይ 5 ነው። ካርል ማርክስ የተወለደውም በ1818 እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ነው፤ ደርግ አዲስ አበባ ውስጥ ሐውልት ያቆመለት ሰው። ይሁንና በእኛ ቆጠራ ልደቱ ሚያዝያ 28 ላይ ይወድቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አውሮፓውያን በ1900 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29ን ሲዘሉ እኛ ስድስተኛዋን ጳጉሜን አላስቀረንም፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበሩ ቀኖች በአንድ ቀን ይዛነፋሉ። ዓድዋ በውጭ መጻሕፍት ማርች 1 ተብሎ ተጽፎ እኛ በማርች 2 የምናከብረው ከዚሁ የተነሣ ነው። የየካቲት 23 ቦታ አልተነቃነቀም፤ የተንቀሳቀሰው የእነርሱ ሜዳ ነው።

ወደ ሜይ 5 እንመለስ፤ በ1862 እ.ኤ.አ. በዚያው ቀን ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ በምትባል ከተማ፣ በጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ የተመራው ጦር የፈረንሳይን ወራሪ አሸነፈ፤ ሜክሲኮዎች ቀኑን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። ከ74 ዓመት በኋላ በዚያው ሜይ 5 ጣሊያን አዲስ አበባን ስትይዝ፣ ወረራውን ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ሆነች። ፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ሥልጣን ላይ ነበሩ፤ ዲፕሎማታቸው ኢሲድሮ ፋቤላ በዓለም መንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያን ጉዳይ ተሟገተ። ወራሪን አባርሮ የሚያውቅ አገር ወረራን ሲያይ መለየቱ አያስደንቅም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አደባባይ አለ፤ በሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ የአንበሳ ራስ ምልክት ያለበት «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። በየቀኑ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ የአዲስ አበባ ሰው ስሙ ከየት እንደ መጣ ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ማንም አልነገረውምና።

ነገሩ ወደ አራት ኪሎ ይመልሰናል። በሰልፉ ላይ ራሳቸው የተዋጉት ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ ይሳሳል። በ1933 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ ሆኖ ስንቅ ያመላለሰ ሰው፣ ድሉ 85 ዓመት በሚሞላበት በ2018 ዓ.ም. መቶ ዓመት ይሞላዋል። ጎፈሩን የሚደፉት አሁን ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው፤ ከአያት የሰሙትን በደንብ የሚያውቁም፣ የተሰቀለውን ሜዳይ ብቻ የወረሱም አሉ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ፎቶግራፍ፣ በሣጥን የተቀመጠ የሹመት ደብዳቤ፣ በእናት ቃል ብቻ የቆየ የዘመቻ ስም አለ። እነዚህ ካልተጻፉ ሚያዝያ 27 የንጉሥ መግቢያና የማርሻል መግቢያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ቤትዎ ውስጥ አርበኛ ከነበረ፣ ወይም አርበኛን የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ፣ የመጪው ሚያዝያ 27 ሳይደርስ ይጠይቁ። ስሙን፣ የተዋጋበትን ሥፍራ፣ አብረውት የነበሩትንና የሞቱትን በወረቀት ያስፍሩ። ከፎቶግራፉ ጀርባ ስምና ቦታ ይጻፉ። ድምፅም ይቅረጹ፤ የሚቀርጽ ስልክ በኪስዎ አለ።