ስለ ጅማ በርጩማና ስለ ዋንዛ ዛፍ

እንጨት ጠራቢ የሆነ ሰው መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት ዛፉን ሊያውቅ ይገባዋል። በጅማ አገር በርጩማ የሚጠርቡ ባለ እጆች ይህን ዕውቀት ከአባቶቻቸው ወርሰዋል። ነገር ግን ሙያው እንዳይጠፋ የጠራቢው ዕውቀት ብቻውን አይበቃም፤ የሹሙና የባለ መሬቱ አሳብም ያስፈልገዋል።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። መቀመጫው በመካከሉ ጎድጎድ ያለ ነው፤ እግሮቹም ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለ አራት እግር ወንበር ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ሲንገዳገድ፥ ባለ ሦስት እግሩ ግን ረግቶ ይቆማል። ምስማርና ሙጫ ስለሌለበትም የሚላቀቅ መጋጠሚያ የለውም፤ በደንብ የያዙት እንደሆነ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት ያሠሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ይገለገሉባቸው ከነበሩት የእንጨት ዕቃዎች አያሌዎቹ በጅማ ሙዚየም ይገኛሉ፤ የዛሬም ጠራቢ ከእነዚህ አሠራር ሊማር ይችላል።

ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ ዋንዛ ነው፤ በኦሮምኛ ዋዴሳ ይባላል። ለመጥረቢያና ለመሮ የሚታዘዝ፥ ልቡ ቀላ ያለ እንጨት ነው። ጠራቢው እንጨቱ እርጥብ ሳለ ቅርጹን ያወጣለትና በጥላ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ያቆየዋል፤ በፀሐይ ቢተወው ውጭው ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል።

ዋንዛ ሳይቆረጥም ለገበሬው ብዙ ጥቅም አለው። ለቡና ጥላ ይሆናል፤ የረገፈው ቅጠሉ አፈሩን ያዳብራል፤ ነጭ አበባውን ንብ ይቀስመዋል፤ ፍሬው ይበላል። በርጩማውን ለመጥረብ ጥቂት ቀን ይበቃል፥ ዛፉን ለማሳደግ ግን ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚቆርጠው ከሚተክለው የበዛ እንደሆነ ዛፉም ሙያውም አብረው ይጠፋሉ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከዝግባ፥ ከኮሶና ከጥድ ጋራ በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የግልና የማኅበር ደንን ባለቤትነት አውቋል። ይህ ልዩነት ለሹም ትልቅ ነገር ነው። ገበሬ የተከለውን ዛፍ ለመቁረጥ ከደጅ ጥናት ብዛት የሚሰለች ከሆነ፥ በማሳው የበቀለውን የዋንዛ ችግኝ ገና በለጋነቱ ይነቅለዋል። መከልከል ብቻ ደንን አያበዛም።

እንግዲህ የወረዳ ሹም የበሰለውን ፍሬ አስለቅሞ፥ ልጣጩን አሳጥቦ፥ በችግኝ ቦታ ያስዘራ። በራሱ ይዞታ ዛፍ ያሳደገውን ሰው ፈቃዱን ሳያዘገይ ይስጠው። ባለ መሬትም ግንዱ ለሳንቃ ሲሸጥ የሚቀረውን ጉቶና ባላ ለማገዶ ከማቃጠል ለጠራቢ ይሽጠው፤ በርጩማ ረጅም ግንድ አይፈልግምና። ጉቶው በመሬት የቀረ እንደሆነም እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ከከብት ይጠበቅ።

እንዲህ የተደረገ እንደሆነ የልጅ ልጆችም በዋንዛው ጥላ ቡና ይለቅማሉ፥ በዋንዛውም በርጩማ ተቀምጠው ቡናቸውን ይጠጣሉ።