መጀመሪያ ቤቱን፣ ከዚያ መንገዱን

በግንብ የታጠረችውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎልን፣ የሚጎበኝ እንግዳ ሥነ ሥርዓት የለውም የሚለው ወቀሳ ከነዋሪው ሲሰማ፣ እኛ አስጎብኚዎች ጥፋቱን በእንግዳው ላይ ጥለን እናልፋለን። እኔ ግን ሥነ ሥርዓቱን ከጠባዩ ይልቅ እኛ የምናወጣለት መስመር ይወስነዋል ባይ ነኝ። የተለመደው የግማሽ ቀን መስመር በአንዱ በር ያስገባውና በራምቦ ቤትና የልብስ ሰፊዎች መንገድ በሆነው በመኪና ግርግር በኩል አድርጎ ማታ ጅብ ወደሚቀለብበት ያደርሰዋል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በሐረር መኖሩ እርግጥ ነው፤ በስሙ በሚጠራው ቤት ግን እንዳልኖረ በሰፊው ይታመናል። ረጅሙ ቆይታ የሚባክነው እዚያ ነው፤ ሰው የሚኖርባቸው ጠባብ መንገዶች ግን መሸጋገሪያ ብቻ ይሆናሉ። ለመሸጋገሪያ ደግሞ ማንም ሰላምታ አይሰጥም። ስለዚህ እንግዳው ደጃፏ ላይ የተቀመጠችውን እናት ሳያናግር ካሜራውን ያነሳል፤ እሷም ፊቷን ትሸፍናለች።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚታየው ለውጥ ያስደንቃል። እንግዳው አስቀድሞ ወደ ሐረሪ ቤት ከገባ ጫማውን አውልቆ፣ ከፍና ዝቅ ብለው ከተሠሩት መደቦች ማን የት እንደሚቀመጥ ይማራል፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች የማን እጅ ሥራ እንደሆኑ ባለቤቷ ትነግረዋለች። ከዚያ ሲወጣ እያንዳንዱ የተዘጋ በር ከጀርባው ቤተሰብ እንዳለው ያውቃል፤ አብዛኛውም ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። ይህ ለውጥ ተጨማሪ ሰዓት አይፈልግም።

ይህም የሰውን ቤት ትርኢት ያደርጋል የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን እንግዳ የምትቀበለው ባለቤት ፈቅዳ፣ ዋጋ ቆርጣና ሰዓት ወስና ነው፤ መንገድ ላይ በድንገት ፎቶ የተነሳችው ጎረቤቷ ይህ ዕድል የላትም። ጥብቅ ደንብ ይበቃል የሚሉም አሉ። ቬኒስ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ውሎ ተመላሽ ጎብኚዎችን ታስከፍላለች፤ ክፍያው ግን ቁጥርን ለመግታት እንጂ ሰላምታ ለማስተማር አልታሰበም። ጅብ ማብላቱም ይቅር አልልም፤ ብዙዎች የሚመጡት ለእሱ ነው። ነዋሪዋ «አይሆንም» ስትል ግን ጉርሻችን ቢቀንስም እንኳ፣ ካሜራውን ማስወረድ የእኛ ሥራ ነው።