ቍስልን የምታክም፥ እውነትንም የምትጠብቅ ነርስ

በአንድ ሰው ላይ የግፍ እጅ ባረፈ ጊዜ የሚጐዳው አካሉ ብቻ አይደለም፤ ስለ ደረሰበት በደል የሚመሰክረው ምልክትም ከሰዓት ወደ ሰዓት እየጠፋ ይሄዳል። ቍስል በመድኃኒት ይሽራል፥ ሰንበር በጥቂት ቀን ይደበዝዛል፤ በልብስ ላይ የቀረችውም ጠብታ በውሃ ከታጠበች በኋላ ዳኛ ቢፈልጋት አያገኛትም። ስለዚህ የተጐዳውን ሰው መጀመሪያ በምትቀበለው ነርስ እጅ ሁለት አደራ ይወድቃል፤ አንደኛው የሕመምተኛው ጤና፥ ሁለተኛው የፍርድ እውነት ነው። እነዚህን ሁለት አደራዎች በአንድነት የመጠበቁ ሞያ ፎረንሲክ ነርሲንግ ይባላል፤ ይኸውም ሕክምናን ከሕግ ጋራ ያጋጠመ የነርስነት ሥራ ማለት ነው። ሥርዓቱን ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ መሆኑን ስላመንን፥ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጸው ወደድን።

ሞያው ሰፊ ነው፤ የተደበደበ ሕፃን፥ በጥይት የቈሰለ ሰው፥ በቤቱ የሚበደል አረጋዊ ሁሉ በዚህ ሥራ ውስጥ ይገኛሉ። እኛ ግን ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በግፍ የተደፈረችን ሴት ምሳሌ እናደርጋለን፤ ሞያውም ያደገው ይልቁንም በዚሁ በኩል ነው። በአሜሪካ አገር እንዲህ ያለው በደል የደረሰባቸው ሴቶች በሆስፒታል ብዙ ሰዓት ይጠብቁ ነበር፤ የሚመረምራቸውም ሐኪም ማስረጃ ማሰባሰብን ሁልጊዜ የተማረ አልነበረም። ይህን ጕድለት ያዩ ነርሶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 በሜምፊስ፥ በ1977 በሚኒያፖሊስ ለዚሁ የተለየ አገልግሎት ጀመሩ። በ1978 በማርቲ ጎዳርድ ትጋት በቺካጎ ሆስፒታሎች ማስረጃ የሚሰበሰብበት አንድ ዓይነት ሣጥን በሥራ ላይ ዋለ። በ1992 ከ70 የሚበልጡ ነርሶች በሚኒያፖሊስ ተሰብስበው ዓለም አቀፍ የፎረንሲክ ነርሶች ማኅበርን አቆሙ፤ ቨርጂኒያ ሊንችም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች።

የሥራው የመጀመሪያ ደንብ ሕክምና ማስረጃን ይቀድማል የሚል ነው። የሚፈሰው ደም ሳይቆም ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም። የተደፈረችው ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች፥ ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚከላከለውን መድኃኒት ጀምራ 28 ቀን ትወስዳለች። እርግዝናን የሚከላከለውም መድኃኒት እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጣት ይቻላል። ሁለቱም ግን በቶሎ ሲወሰዱ ይበልጥ ይጠቅማሉ።

ሁለተኛው ደንብ ፈቃድ ነው። ነርሲቱ የምታደርገውን እያንዳንዱን ነገር አስቀድማ ታስረዳለች፤ ሕመምተኛይቱም አንዱን ተቀብላ ሌላውን እንቢ ልትል፥ በመካከልም ልታስቆም ትችላለች። እንቢ በማለቷ ሕክምናው አይቀርባትም። በ1954 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በ34ኛው አንቀጽ፥ ፖሊስ የተበዳዩን አካል በሐኪም ከማስመርመሩ በፊት የራሱን ፈቃድ፥ ሕፃን ቢሆን የወላጆቹን ወይም የአሳዳጊውን ፈቃድ እንዲቀበል ደንግጓል። አንድ ጊዜ በግድ የተነካ አካል ለምርመራ ተብሎ ሁለተኛ በግድ ሊነካ አይገባውምና።

ሦስተኛው ደንብ ያዩትን ብቻ መጻፍ ነው። ነርሲቱ የሕመምተኛይቱን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ እንደ ተነገራት ትጽፋለች፤ የቍስሉን ስፍራ በአካል ሥዕል ላይ ታመለክታለች፤ ፎቶግራፍም ስታነሣ መጠኑ እንዲታወቅ ማስመሪያ ከጐኑ ታኖራለች። «በእርግጥ ተደፍራለች» ወይም «ትዋሻለች» ብላ አትፈርድም፤ ፍርድ የዳኛ ነውና። ቍስል አለመገኘቱም ግፍ አለመፈጸሙን አያስረዳም፤ ብዙ ሰዎች በድንጋጤ ደንዝዘው መታገል ያቅታቸዋል። ድንግልናን ለማወቅ ተብሎ የሚደረገውን ምርመራም የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋራ ሆኖ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 በሳይንስ መሠረት የሌለው መሆኑን ገልጦ እንዲቀር ጠይቋል።

አራተኛው ደንብ ማስረጃውን ከእጅ ወደ እጅ በጥንቃቄ ማስተላለፍ ነው። ልብሱ በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል፤ በላስቲክ ቢታሰር እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣና ማስረጃውን ያበላሸዋል። ከረጢቱም ይታሸጋል፤ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍበታል፤ የሰጠውም የተቀበለውም ይፈርማሉ። በመካከል በማን እጅ እንደ ነበረ ካልታወቀ፥ የተከሳሹ ጠበቃ ማስረጃው ተለውጧል ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይህ ጥንቃቄ ለከሳሽ ብቻ አልተደነገገም፤ ንጹሕ ሰው ያላደረገው ነገር እንዳይፈረድበት ያድነዋል።

አምስተኛው ደንብ ምስጢር መጠበቅ ነው። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ በ399ኛው አንቀጽ በሞያቸው ያወቁትን ምስጢር የሚገልጡትን ይቀጣል። እንግዲህ የሕመምተኛይቱን ነገር ለጐረቤት የምታወራ ነርስ ጨዋነትን ብቻ ሳይሆን ሕግንም ታፈርሳለች።

አሁን ወደ ቤተ ሰብ እንመለስ። ልጅዋ ተበድላ የመጣችባት እናት መጀመሪያ የምታስበው ውሃ አሙቃ ገላዋን ማጠብ፥ ልብሷንም መለወጥ ነው። ይህ ከፍቅር የሚመጣ ሥራ ቢሆንም ማስረጃውን ያጠፋል። የሚሻለው ሳይታጠቡና የለበሱትን ሳያጥቡ ፈጥኖ ሆስፒታል መድረስ ነው፤ ልብሱ ተለውጦ እንደ ሆነም ሳይታጠብ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መሄድ ይገባል። የታጠበች ብትሆንም ሕክምናው ይጠቅማታልና ተስፋ ቈርጣ ከቤት አትቅር። ልጅቱንም «ለምን ሄድሽ? ለምን አልጮኽሽም?» ብሎ መመርመር የቤተ ሰብ ሥራ አይደለም፤ «በመናገርሽ ደግ አደረግሽ» የሚለው ቃል ይበቃታል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ነገሩን በሽምግልና ለመሸፈን የሚደረገው ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። የ1996ቱ ሕግ ግን በ587ኛው አንቀጽ፥ ከጠለፋ በኋላ ጋብቻ ቢፈጸምም ጠላፊው ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማይድን አስታውቋል። በግድ የሚደፍር ሰው በ620ኛው አንቀጽ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ስለዚህ ሽማግሌዎች የቤተ ሰብን ክብር እንጠብቃለን ብለው ሲዘገዩ ሰዓቱ ያልፋል፤ መድኃኒቱም ማስረጃውም ያመልጣል፤ ሸክሙም ሁሉ በልጅቱ ላይ ይቀራል።

በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፥ የልቡና ምክሩ፥ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ስፍራ የሚገኙበት አገልግሎት ተቋቁሟል፤ ዓላማውም የተበደለች ሴት ጕዳቷን በየቢሮው እየደጋገመች እንዳትናገር ነው። እንዲህ ያለ አገልግሎት በሌለበት ስፍራ የምትሠራም ነርስ ቢሆን ወረቀት፥ ብዕር፥ የወረቀት ከረጢትና ታማኝ ልብ ካላት ከእነዚህ ደንቦች አብዛኞቹን ልትፈጽም ትችላለች። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ፤ የዚህ ነገር ሥሩ ያለው በመጀመሪያው ሰዓት ነውና፥ በዚያች ሰዓት እናትም ነርስም የሚገባቸውን ዐውቀው ይገኙ።