«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የምንለው እስከ መቼ?

ሙስካት፦ ከሲብ እስከ ሙትረህ ባሉ ብዙ ቤቶች የፍሪጅ በር ሲከፈት ከወተቱና ከላባኑ ጎን ኢንሱሊን አይጠፋም። ለማማ ወይም ለባባ ኪኒን የሚያቀብሉ፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚያፈሉ እህቶቻችን ብዙ ናቸው። «እኛ አገር ይሄ የለም፤ ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» ስንባባልም እንሰማለን። ንግግሩ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን ሊጎዳን ይችላል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ 10 ሰዎች አንዱ የስኳር ሕመም አለበት። ከአገር አገር ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። የዕድሜ ልዩነት ተስተካክሎ ሲሰላ ፓኪስታን 30.8 በመቶ፣ ኩዌት 24.9 በመቶ፣ ግብፅ 20.9 በመቶ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ 5 በመቶ ገደማ ናት።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ኦማንን ብቻ ማየት ይበቃል። በ1991 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 10 ያህሉ ሕመሙ ተገኝቶባቸው ነበር። በ2000 ቁጥሩ ወደ 12 ተጠጋ፤ በ2017 ደግሞ ከ15 አለፈ። ሕመሙ በቤተሰብ የመተላለፍ ዝንባሌ ቢኖረውም፣ በ26 ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ዘር አልተለወጠም። የተለወጠው አኗኗሩ ነው። ሱልጣን ቃቡስ በ1970 ሥልጣን ሲይዙ በአገሪቱ የነበረው አስፋልት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ መኪና፣ የቢሮ ሥራና ለስላሳ መጠጥ ተስፋፉ፤ የሰው ዕድሜም ረዘመ። መንግሥት በ2019 በለስላሳ መጠጦች፣ በ2020 ደግሞ ስኳር በገባባቸው ሌሎች መጠጦች ላይ 50 በመቶ ግብር ጥሏል።

ዝቅተኛ ቁጥር፣ ያልታወቀ ሕመም

በዚሁ ግምት የአፍሪካ ድርሻ ከዓለም ዝቅተኛው ነው፤ 4.5 በመቶ። ነገር ግን ሕመሙ ካለባቸው አፍሪካውያን 54 በመቶው መታመማቸውን አያውቁም። በዚህ ደግሞ አህጉራችን ከሁሉም ትብሳለች።

የሀብታም ብቻ አለመሆኑንም ጎንደር ትመሰክራለች። እዚያ የተደረጉ ጥናቶች ኢንሱሊን ከሚወስዱ ታካሚዎች ብዙዎቹ ቀጫጭንና ደሃ የገጠር ሰዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም ፌዴሬሽኑ በ2025 ባንኮክ ላይ «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል።

ደግሞስ የአገራችን ዝቅተኛ ቁጥር በሻንጣ አብሮን አይመጣም። እዚህ ጤፉና ሽሮው በነጭ ሩዝና በነጭ ዳቦ ይተካል፤ ድካም ሲበረታ ስኳር የበዛበት ከረክ ሻይ ይደጋገማል፤ እራት እኩለ ሌሊት ይበላል፤ እንቅልፍ ያጥራል። ቀኑን ሙሉ ብንቆምም እነዚህ ነገሮች ተጋላጭነትን ይጨምራሉ።

መቼ እንመርመር?

ውኃ ጥም ሲበረታ፣ ሽንት ሌሊት ደጋግሞ ሲያስነሳ፣ ዓይን ሲደበዝዝ፣ ቁስል አልድን ሲል፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ሲከሳ። በተለይ መክሳቱን «የሥራ ብዛት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ለማዳም እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦ «አነ ዓጥሻነ ዋጂድ፣ አብጋ ፈሕስ ሱከር»፤ በጣም ይጠማኛል፣ የስኳር ምርመራ እፈልጋለሁ ማለት ነው። የማማን ኪኒን ግን «ልሞክረው» ብላችሁ አትዋጡ።

በክሊኒክ የምትሰሟቸው ቃላት፦

- ሱከሪ፦ የስኳር ሕመም።
- ሷኢም፦ ምግብ ሳይበላ የሚደረግ ምርመራ። ቢያንስ 8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አይወሰድም።
- ተራኩሚ፦ ያለፉትን 2 እና 3 ወራት አማካይ የሚያሳይ ምርመራ። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም ምልክት ነው።
- ሁቡጥ፦ ስኳር ከመጠን በታች መውረድ። የምትንከባከቧቸው አዛውንት ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አትስጡ፤ ወዲያው 9999 ደውሉ።

7 እና 126 አንድ ናቸው

በኦማን ውጤቱ ብዙ ጊዜ በትንሽ ቁጥር ይጻፋል፤ አገር ቤት ደግሞ በትልቅ ቁጥር። መለኪያቸው ስለሚለያይ ነው። የኦማኑን በ18 ብታባዙት የአገር ቤቱን ታገኛላችሁ። በባዶ ሆድ ከ5.6 በታች (እኛ ጋ ከ100 በታች) ደህና ነው፤ 7 (126) እና ከዚያ በላይ ሲሆን ምርመራው ተደግሞ የስኳር ሕመም መሆኑ ይረጋገጣል። በመካከል ያለው ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዚህ ደረጃ ምግብን በማስተካከልና በመንቀሳቀስ ሕመሙን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል።

«7 ብቻ ነው፣ ትንሽ ናት» ብላ የተዘናጋች ጓደኛ ካለቻችሁ ይህን ንገሯት። የምርመራ ወረቀታችሁንም በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ አገር ስትገቡ ለሐኪም ታሳዩታላችሁ።